በታደሰ ሞተር እስከ ጊቤ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ነፋስ ስልክ

ከነፋስ ስልክ የተነሣነው በታኅሣሥ ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዘመኑ የሰማንያዎቹ አጋማሽ፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። በአውቶቡሱ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎችና ሠላሳ ስድስት ጆንያ አሸዋ ብቻ ነበርን። አሸዋው የመንገደኛ ምትክ ነው። አንድ ሙሉ አውቶቡስ ሰው ከነጓዙ የሚመዝነውን ያህል አስልተን በየወንበሩ ሥርና በመተላለፊያው ላይ ደረደርነው። የምንሄደው ጊቤ በረሃ ድረስ ወርደን ለመመለስ ነው። እዚያ ዘመድ የለንም፤ የምንሸጠውም የምንገዛውም የለም። ዳገቱን ፍለጋ ነው የምንሄደው።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ስሜ ዘነበች ነው፤ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ መሣሪያ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት የመንግሥት ጋራዥ ሠራተኛ ሲቀንስ፣ ከተቀነስነው መካከል ስድስታችን የስንብት ገንዘባችንን አዋጥተን፣ ነፋስ ስልክ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ የቆርቆሮ ግቢ ተከራየን። ሥራችን ያረጀ የመኪና ዕቃ ማደስ ነው። ያለቀውን ዘንግ በብየዳ ሞልተን በቶርኖ ልክ እናስገባለን። የተበላውን ቀዳዳ አስፍተን ቀለበት እናስገባበታለን። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ልክ እስኪይዝ ድረስ አንለቀውም። በዚያን ጊዜ አዲስ ዕቃ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ መጠበቅ ነበረብህ፤ ከዚያ ወደብ አለ፣ ከዚያ ጉምሩክ አለ። ዕቃው እስኪደርስ መኪናው ላይ ሣር ይበቅላል።

ላፍቶ ሜዳ ላይ በእርግጥም ሣር የበቀለባቸው አሥራ አንድ አውቶቡሶች ነበሩ። የአንድ የባለንብረቶች ማኅበር ናቸው። ሞተራቸው አልቆ ስለቆመ ማኅበሩ ለብረት አቅላጭ ሊሸጣቸው ወሰነ። እኛ ይህን ሰምተን ሄድንና «አንዷን ስጡን፤ ሞተሯን አድሰን እናሳያችሁ» አልን። ሰጡን። ቃላቸው ግን አጭር ነበር፤ «ሙሉ ጭነት ይዛ ጊቤን ወርዳ ከወጣች ስለ ሌሎቹ እንነጋገራለን። ካልወጣች ሁሉም ይሸጣሉ።» ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ሥራ እየመለስን በእሷ ላይ ሠራን። ባትወጣ ግቢውን መዝጋታችን ነው።

ሾፌራችን ጋሽ ተክሉ ከስድስታችን አንዱ ነው፤ ድሮ የጋራዡ የሙከራ ሾፌር ነበር። ማኅበሩ ደግሞ የቴክኒክ ተቆጣጣሪውን አቶ ሲሳይን ለታዛቢነት ላከ። አቶ ሲሳይ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣ ሰላምታ እንኳ በቁጥር የሚሰጥ ሰው ነው።

ልንንቀሳቀስ ስንል አራተኛው ሰው በሩ ላይ ቆሙ። ጋቢ ደርበዋል፣ በእጃቸው በትር አለ። አባባ ገመቹ ናቸው፤ አውቶቡሶቹ የቆሙበት ሜዳ ከግጦሽ መሬታቸው ጋር ይዋሰናል።

«አባባ፣ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ወደምትሄዱበት።»

«ሰው መጫን አልተፈቀደም» አለ አቶ ሲሳይ።

አባባ ገመቹ እሱን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ከእነዚህ መኪናዎች ሆድ የሚወጣው ዘይት ወንዜ ገብቷል። ላሜ ውሃውን ታሸትና ትመለሳለች። ብረት አቅላጩ የሚፈልገውን ቆርጦ ይወስድና ዘይቱንና ቆሻሻውን ለእኔ ትቶ ይሄዳል፤ አውቀዋለሁ። ይቺ ዳገቱን ከወጣች ግን ሌሎቹም በጎማቸው ከሜዳው ይወጣሉ ተብሏል። ዓይኔ ሳያይ አላምንም።»

ጋሽ ተክሉ ከመሪው ላይ ሆኖ «አቶ ሲሳይ፣ እንደ ሠላሳ ሰባተኛ ጆንያ ይቁጠሯቸው» አለ። አቶ ሲሳይ ትንሽ አሰበና ደብተሩን ከፍቶ የሆነ ነገር ጻፈ። አባባ ገመቹ ገቡና ከፊት ወንበር ተቀመጡ።

3 ሰዓት፣ ቱሉ ቦሎ

በመካኒሳ አድርገን አየር ጤና ወጣን፤ ዓለም ገናን አልፈን ሰበታ ስንደርስ ፀሐይ በደንብ ወጥታለች። እኔ የተቀመጥኩት ከሾፌሩ ጎን፣ የሞተሩ ክዳን አጠገብ ነው። መንገድ ማየት አልቻልኩም፤ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነበር። ሰው የልጁን ሳል ከሰው ሁሉ ሳል ለይቶ እንደሚያውቅ እኔም እያንዳንዱን ድምፅ አውቀዋለሁ። ያ ክብ ድምፅ የዋናው ዘንግ ነው፤ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ያች ቀጭን ፉጨት የውሃ ፓምፑ ናት።

ከአስጎሪ ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ። ጤፉ ታጭዶ ክምር ክምር ሆኗል፤ ጥቁሩ አፈር ላይ ሽምብራው ገና አረንጓዴ ነው። አስፋልቱ ግን እንደ ተበላ ማርሽ ነው፤ ጋሽ ተክሉ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው እየመረጠ ይነዳል። አቶ ሲሳይ በየግማሽ ሰዓቱ ብድግ እያለ የሙቀት መለኪያውን ያያል፣ ይጽፋል፣ ይቀመጣል።

ቱሉ ቦሎ ላይ የሽምብራ እሸት የያዘች ሴት በመስኮት መጣች። አንድ እቅፍ በሃምሳ ሳንቲም። ገንዘቡን ተቀብላ ወደ ውስጥ ተመለከተችና ግራ ገባት።

«ሰዎቹ የት አሉ?»

«አሸዋ ናቸው» አላት ጋሽ ተክሉ።

«እና አሸዋ በአውቶቡስ ይሄዳል?»

«ክፍያ አሟልቶ ነው የተሳፈረው።»

ሴትየዋ ለጓደኞቿ ልትነግር እየሮጠች ሄደች። አባባ ገመቹ እስከ ወሊሶ ድረስ እሸቱን እየፈለፈሉ፣ ሲያስታውሱት ብቻቸውን ይስቁ ነበር።

5 ሰዓት ተኩል፣ ወሊሶ

ወሊሶ ሻይ ጠጣን። ሌሎቹ ገና ሳይነሡ እኔ ቀድሜ ወጥቼ የሞተሩን ክዳን ከፈትኩ። ዘይት አያንጠባጥብም፣ ቱቦዎቹ ደህና ናቸው። የውሃ ፓምፑ አንገት ላይ፣ ዘንጉ በሚወጣበት በኩል ግን አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች።

ይህቺን ጠብታ ለምን እንደፈራኋት ልናገር። ያንን ዘንግ የሠራሁት ከወደቀ የጭነት መኪና አክስል ላይ ነው። ጉዞው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው በመለኪያ ስለካው ከሚገባው ልክ የፀጉር ያህል ቀጥኖብኝ ነበር። ሌላ ለመሥራት አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። ባልደረቦቼ «ፈጠን በይ» ይላሉ። «ይሁን፣ ይሠራል» ብዬ ለቀቅኩት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ «ይሁን» ብዬ የለቀቅኩት ዕቃ እሱ ብቻ ነው።

ጠብታዋን በጨርቅ ጠረግኳት። ለማንም አልተናገርኩም።

8 ሰዓት፣ ወልቂጤ

ወልቂጤ የደረስነው ከምሳ ሰዓት በኋላ ነው። በረሃውን በጠዋት ልንወርድ ስላሰብን እዚያው ለማደር ተስማማን። አልጋው ስድስት ብር ነው፤ አንሶላው ንጹሕ፣ በሩ ግን አይዘጋም። ክትፎ በቆጮ በላን። ለአባባ ገመቹ ቆጮ አዲስ አልነበረም፤ አቶ ሲሳይ ግን ዳር ዳሩን እየነካካ ነበር።

ምሳው ላይ አቶ ሲሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቁጥር ውጭ የሆነ ነገር ተናገረ።

«እህቴ፣ እኔን እንደ ጠላት አትይኝ» አለኝ። «ድሮ እኔም ሾፌር ነበርኩ። አንድ ጊዜ የታደሰ ነው ብለው ፍሬን ገጠሙልኝ። ለካ ያደረጉት ጠርጎ ቀለም መቀባት ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ከዳኝ። ረዳቴ እግሩን አጣ። ከዚያ ወዲህ የታደሰ ሲሉኝ የሚታየኝ ቀለሙ ነው።»

ጋሽ ተክሉ «ያ ማደስ አይደለም፣ ማታለል ነው» አለው።

«ልዩነቱን በምን ልወቅ ታዲያ?»

ጋሽ ተክሉ ወደ እኔ አየ። የምመልሰው ነበረኝ፤ መለኪያችንን፣ መዝገባችንን፣ የእያንዳንዱን ዘንግ ልክ ልነግረው እችል ነበር። ግን የወሊሶዋ ጠብታ ትዝ አለችኝ። «ነገ ያያሉ» ብቻ አልኩት።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ጊቤ

ከወልቂጤ በጠዋት ተነሣን። ሳንነሣ የፓምፑን ማጥበቂያ በግማሽ ዙር አጠበቅኩት፤ ጠብታው ቆመ። ተስፋ አደረግኩ።

ቁልቁለቱ ከጀመረ በኋላ አየሩ በየመታጠፊያው ይለወጣል። ላይ ሹራብ ለብሰን ነበር፤ መሐል ላይ አወለቅን፤ ታች ስንደርስ አቶ ሲሳይ ካፖርቱን አውልቆ ሸሚዙን ጠቀለለ። ተራሮቹ ከግራም ከቀኝም እየራቁ ይከፈታሉ፤ ወንዙ ከታች ቡናማ ሆኖ ይታያል። አባባ ገመቹ መስኮቱን ከፍተው «ኤሬ! ይህ ሁሉ ሸለቆ!» እያሉ ነበር። ከላፍቶ ወደ መርካቶ ካልሆነ በቀር ሩቅ ሄደው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

ድልድዩን ተሻግረን አዞርን። እዚያ ሙዝ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ በአንድ ብር ሦስታችንን ያጠገበ ሙዝ ገዛን። አቶ ሲሳይ አልበላም። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ሠላሳ ስድስት። ሰዓቱን ጻፈ። «እንውጣ» አለ።

4 ሰዓት፣ ዳገቱ ላይ

የመጀመሪያዎቹን መታጠፊያዎች ሞተሩ በሁለተኛ ማርሽ እንደ በሬ ጎተተን። ድምፁ አልተሰበረም፤ ጭሱም ነጣ ያለ ነው። ጋሽ ተክሉ ከንፈሩን ነክሶ ፈገግ ይላል። ዳገቱን ከግማሽ በላይ ወጥተን ነበር፤ ያቺ ቀጭን ፉጨት ተለወጠችብኝ። ወዲያው የሙቀት መለኪያው ወጣ፤ ከክዳኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ።

«አቁም!» አልኩ።

ዳር ይዘን ቆምን። ድንጋይ ጎማው ሥር አደረግን። ክዳኑን ስከፍት ውሃው ከፓምፑ አንገት በኩል እየፈሰሰ ነው።

አቶ ሲሳይ ደብተሩን ከፈተ። «አልወጣችም ማለት ነው» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም። «ምን ሆነ? ከገዛችሁት ዕቃ ነው ወይስ ካደሳችሁት?»

ጋሽ ተክሉ «ቱቦው ይሆናል፤ ቱቦው የተገዛ ነው...» ብሎ ጀመረ። ሊያድነኝ ነው። እኔ ግን አቶ ሲሳይ ወልቂጤ ላይ ስለ ረዳቱ እግር የነገረን ትዝ አለኝ።

«ቱቦው አይደለም» አልኩ። «የፓምፑ ዘንግ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት። የፀጉር ያህል ቀጥኖ እያወቅኩ ለቀቅኩት። ትናንት ወሊሶ ላይም ሲያንጠባጥብ አይቼ ዝም ብያለሁ። ስሜን ይጻፉ።»

አባባ ገመቹ በትራቸውን ይዘው መሬት መሬቱን ያያሉ። አቶ ሲሳይ ግን አልጻፈም፤ እስክሪብቶውን ይዞ ቆሞ ያየኛል።

«ይሠራል?» አለኝ በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ውስጡን አውቀዋለሁ። አንድ ሰዓት ይስጡኝ።»

ዘንጉን እዚያ ማወፈር አይቻልም። በዘንጉና በአንገቱ መካከል ያለውን ክፍተት ግን መጠቅጠቅ ይቻላል። ለዚያ በግሪስ የራሰ ጠንካራ ክር ያስፈልጋል። ግሪስ አለን፣ ክር የለንም። ዓይኔ ጆንያዎቹ ላይ አረፈ፤ የቃጫ ጆንያ ናቸው።

«አንዱን ጆንያ ልተርትር» አልኩ።

«አሸዋው አይደፋም!» አለ አቶ ሲሳይ። «ክብደቱ መቀነስ የለበትም።»

አባባ ገመቹ ተነሡ። ጋቢያቸውን አውልቀው በአውቶቡሱ ወለል ላይ ዘረጉት። «እዚህ ድፉት» አሉ። ጋሽ ተክሉ ሰማንያ ኪሎ አሸዋ ነጭ ጋቢ ላይ ገለበጠ። አቶ ሲሳይ ይህን ሲያይ መጀመሪያ አፉን በእጁ ያዘ፤ ከዚያ አላስቻለውም፣ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ሞተሩ በረድ እስኪል ቃጫውን ተረተርኩ፤ በሦስት በሦስት ገምጄ ግሪስ ቀባሁት። ፓምፑን ከፈትኩ፣ አሮጌውን መጠቅጠቂያ በካቻቪቴ ጫፍ ለቅሜ አወጣሁ፣ አዲሱን በዘንጉ ዙሪያ ቀለበት በቀለበት እየጠመጠምኩ አስገባሁ። እጄ ሁለት ቦታ ተቃጠለ። አቶ ሲሳይ ሸሚዙን እንደጠቀለለ ተንበርክኮ መፍቻ ያቀብለኝ ነበር፤ ቁጥሩን ሳልነግረው ትክክለኛውን ያመጣል።

ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። ሾፌሩ እኛን ሊያይ ወርዶ መጣ። ፂሙ አድጓል፣ ዓይኑ በአቧራ ቀልቷል።

«እኔ እዚህ ስውል ስድስተኛ ቀኔ ነው» አለ። «ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ጆሮው ተሰበረ። አዲስ አበባ ልኬ ነበር፤ ዕቃው የለም፣ ከውጭ እስኪመጣ ጠብቅ አሉኝ። የጫንኩት ቡና ነው።» ከዚያ እጄን አየ። «አንቺ ነሽ የምትሠሪው?»

«እኔ ነኝ።»

«የት?»

«ነፋስ ስልክ።»

ወደ መኪናው ሄደ። ሲመለስ የዘንጉን ጫፍ በሁለት እጁ ታቅፎ ነበር። የተሰበረውን ጆሮ ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞታል። አገላብጬ አየሁት። ብረቱ ጥሩ ነው፤ ስብራቱ ንጹሕ ነው። በብየዳ ይመለሳል፣ ቀዳዳው በቶርኖ እንደገና ልኩን ይይዛል።

«ይታደሳል» አልኩት። «ግን እስክለካው ድረስ የመጨረሻ ቃል አልሰጥህም።»

«ውሰጂው» አለ።

ይህን ሲለኝ ጋሽ ተክሉ ሁለቱን ጀሪካን ውሃ ወደ ራዲያተሩ እየገለበጠ ነበር። ሞተሩን አስነሣው። ሁላችንም በፓምፑ አንገት ላይ ተደፋን። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት ደቂቃ አለፈ። ደረቅ ነው።

የቀረውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጣነው። በየመታጠፊያው አባባ ገመቹ በኦሮምኛ አንድ ነገር ይላሉ፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አላወቅኩም። ሜዳው ላይ ስንወጣና ቀዝቃዛው ነፋስ በመስኮት ሲገባ ጋሽ ተክሉ ክላክሱን ያዘው፤ ወልቂጤ መግቢያ እስክንደርስ አልለቀቀውም። እኔ አለቀስኩ። ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ከትናንት ጀምሮ የያዝኩት ነገር ሁሉ ነው የወጣው።

ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ፣ ነፋስ ስልክ

የመልሱን መንገድ ብዙ አላስታውስም። የሰው ዘንግ ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ወሊሶ ተኝቻለሁ። ግቢያችን ስንደርስ አራቱ ባልደረቦቼ በር ላይ ቆመው ነበር። ማንም ምንም ሳይጠይቅ አቶ ሲሳይ ወረደና ደብተሩን ከፍቶ በቁሙ አነበበው።

«ሙሉ ጭነት ይዛ ጊቤን ወርዳ ወጥታለች። ዳገት ላይ የውሃ ፓምፑ አፍስሷል። ጥፋቱ የሠራተኛዋ ነው፤ ጥፋቷን የተናገረችውም ራሷ ናት። ባንድ ሰዓት ውስጥ በመንገድ ዳር ባለው ነገር አስተካክላዋለች። ዋናው ሞተር እንከን አልታየበትም። በእኔ አስተያየት ሥራው ቀለም አይደለም።»

ይህቺን የመጨረሻ መስመር የማኅበሩ ሰዎች ምን እንደሆነች አይገባቸውም ይሆናል። እኔ ግን ገብታኛለች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የተሰጡኝን የምስክር ወረቀቶች ሁሉ ደምሬ ብመዝናቸው ያቺን መስመር አያክሏትም።

ማኅበሩ አሥሩንም በአንዴ አልሰጠንም። አራት ሰጠንና «እነዚህን እንያቸው» አለ። እነሱ መንገድ ላይ ሲወጡ ቀሪዎቹን ስድስቱን ጨመረ። ከመጡት ሞተሮች ሁሉ መጀመሪያ ዘይቱን በበርሜል አወጣን፤ ለማቃጠያ የሚገዛን የጡብ ምድጃ ያለው ሰው አገኘን። ላፍቶ ሜዳው ላይ የቀረው ዘይት የጠጣ አፈር እስኪጠራ ሁለት ክረምት ፈጅቷል። በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ አባባ ገመቹ ግቢያችን መጥተው «ላሜ ከወንዙ ጠጣች» አሉኝና ተመልሰው ሄዱ።

ከዚያ ጉዞ ምን እንደተማርኩ ሰው ይጠይቀኛል። በፊት ኩራቴ ዕቃው አዲስ መምሰሉ ላይ ነበር። ጊቤ ዳገት ላይ ግን ከፋብሪካ የመጣ ፓምፕ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ባለ ቡናው ሾፌር ተቀምጠን እንጠብቅ ነበር። የራሳችን እጅ ስለሠራው የት እንደታመመ አውቀን አከምነው። ይህ እውቀት በመርከብ አይመጣም፤ እዚሁ ነፋስ ስልክ፣ በቆርቆሮው ግቢ ውስጥ ነው ያለው። ግን ደግሞ የሚጠቅመው ልኩን ለማይዋሽ ሰው ብቻ ነው።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ግቢ ገባሁ። የዚያን ሾፌር ዘንግ አሳጥቤ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ስብራቱ ተበየደ፤ ከሰዓት በኋላ ቀዳዳውን በቶርኖ አወጣሁት። ስለካው የፀጉር ያህል ሰፍቶ አገኘሁት። ባልደረባዬ በትከሻዬ ላይ አይቶ «ይሁን፣ ይሠራል» አለኝ።

«አይሆንም» አልኩት፤ እንደገና በብየዳ እንዲሞላ ሰጠሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ተክሉ ዘንጉን ይዞ ወደ ጊቤ ወረደ።